ሀራራ ምንድን ነው?

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን እናቴ ከዙህር በኋላ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ጋደም ትላለች። ዓመት በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ጎረቤታችን ብቅ ብለው «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ሀራራ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» ትላቸዋለች። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው። ይስቃሉ እንጂ አይገርማቸውም። በሁዳዴ ቡና ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆዩ የሳቸውም ራስ እንደዚሁ ነው። አራት አምስት ቀን ሲያልፍ ሻሹ ይፈታል።

ሀራራ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጫት መሸጫ ደጃፍ የሚቁነጠነጥ ወጣት ነው። እናቴን ግን ማንም ሱሰኛ ብሏት አያውቅም። የሁለቱም ግን አንድ ነገር ነው። ሰውነት የለመደውን በሰዓቱ ሲያጣ «የታለ?» ይላል፤ ሀራራ ይኸው ጥያቄ ነው።

በዚህ አንድ ቃል ሁለት ነገር ጠቅልለናል። አንዱ ሕመሙ ነው፦ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማዛጋት፣ ያለ ነገር መነጫነጭ። ሌላው አምሮቱ ነው። ሐኪሞች ለያይተው ያዩዋቸዋል። ለመተው ያሰበ ሰውም ቢለያያቸው ይጠቅመዋል፤ ሕመሙ ቶሎ ይሄዳል፣ አምሮቱ ግን ይቆያል።

ከቀላሉ ከቡናው እንጀምር። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን አንጎል ውስጥ «ደክሞሃል፣ እረፍ» የሚለውን መልእክት ያፍነዋል። በየቀኑ ሲታፈንበት አንጎል መልእክቱን የሚሰማበትን ጆሮ ያበዛል። ቡናው በቀረ ቀን ያ ሁሉ ጆሮ ባንዴ ይከፈታል። ራስ ምታቱ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ከ2 እስከ 9 ቀን ቆይቶ ይለቃል። የእናቴ ሻሽ ሒሳቡን አልሳተም።

ጫቱ ላይ ነገሩ ጠንከር ይላል። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ መልእክተኛ እንዲለቅ ያደርጋል። ምርቃና የምንለው እሱን ነው። ካቲኖን ግን አይከርምም። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ የሚጓዘው፣ ሹፌሩም ነፍሱን ሸጦ የሚበረው ለዚህ ነው።

በኛ ሰፈር ጫቱ ከምሳ በፊት ነበር የሚደርሰው። እኔ በምቅምበት ዘመን ስድስት ተኩል መሆኑን ለማወቅ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም ነበር። አፌ ምራቅ ይሞላል፣ እግሬ ጠረጴዛ ሥር መወዛወዝ ይጀምራል፣ የሚያወራኝን ሰው መስማት አቆማለሁ። ሰውነቴ የመኪናውን ሰዓት ለምዶታል። መንገድ ተዘግቶ ጫት የቀረ ዕለት እንኳ ሀራራው በሰዓቱ ይመጣ ነበር።

በኋላ ጫቱን ተውኩ፤ ሕመሙ አለቀ። የተወሰኑ ቀናት እንቅልፍ፣ ድብርት፣ የሰው ፊት መጥላት፤ ከዚያ እየቀለለ ሄደ። ከሰባት ወር በኋላ ግን አክስቴ ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብስብ፣ ጠሩኝ። ወሎ ውስጥ ጫት መንገድ ዳር ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ዱዓ ይደረግበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል፣ ትልልቅ ሰው ይመርቅበታል። ገና ከበሩ ላይ ዕጣኑ ሲሸተኝ አፌ ምራቅ ሞላ። «አለቀልኝ፣ ተመለሰብኝ» ብዬ ደነገጥኩ።

አልተመለሰብኝም። አንጎሌ የተማረውን ትምህርት እያስታወሰ ነበር። ለዓመታት ዕጣን፣ ፍራሽ፣ የቡና ሽታና የጓደኛ ሳቅ ከምርቃና ጋር አብረው መጥተዋል። ስለዚህ አንዱ ሲመጣ አንጎል ሌላውን ይጠብቃል። አምሮት ደግሞ እንደ ማዕበል ነው። ያድጋል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ካልመገቡት ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይዘልም። ችግሩ ውስጡ ሆነው ሲያዩት ማለቂያ ያለው አይመስልም።

«ወንድ ከሆንክ ለምን አትተወውም?» የሚሉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ጉዳዩ የወንድነት አይደለም። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ምን አዘጋጅተሃል ነው ጥያቄው።

ሀራራ ስላለው ብቻም ሰው ሱሰኛ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥረኛው የበሽታዎች መዘርዝር (በ2014 ዓ.ም. ዐሥራ አንደኛው ተተክቶበታል) ስድስት ምልክቶችን ያስቀምጥ ነበር። ከባድ አምሮት፣ ልኩን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሲቀር የሚመጣው ሕመም፣ መጠኑ እየጨመረ መሄዱ፣ ሌላውን ኑሮ ትቶ እሱን ብቻ ማሳደድ፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል። በዚያ መዘርዝር መሠረት ባለፈው አንድ ዓመት ሦስቱ አብረው ከታዩ ሱስ ይባል ነበር። እናቴ ቡናዋን ለማግኘት ምጣድ ሸጣ አታውቅም። እኔ መጽሐፎቼን ሸጫለሁ።

ዱካክን ሳላነሳ ባልፍ የሰፈሬ ልጆች ይታዘቡኛል። ያልቃመ ቃሚ ሌሊት ደረቱ ላይ የሚቀመጥበት፣ የሚያንቀው፣ ከገደል የሚወረውረው ነገር ማለት ነው። «ጫቱ ተቆጥቶ ነው» ይባላል። እንደ ጫት ያሉ አነቃቂ ነገሮች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳሉ። ሲቆሙ አንጎል የቀረበትን ሕልም ባንዴ ሊያካክስ ይሞክራል። ነቅተህ ሳለ ሰውነትህ አልታዘዝ የሚልህም በዚህ መሀል ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ብዙ ሰው ግን ዱካክን ሸሽቶ ነው ወደ ጫቱ የሚመለሰው።

የሚገድለው ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ የለመደ ሰው ሳያውቀው ሁለተኛ ሱስ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በየቀኑ ብዙ አረቄ ወይም ቢራ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም፣ በሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ቤት ቆልፎበት «እኔ አስተወዋለሁ» ማለት ነፍሱ ላይ መፍረድ ነው። ሐኪም ቤት መድኃኒት አለ፤ ጠበሉም ዱዓውም አብሮ ይቀጥል።

ለጫት ግን እስካሁን ራሱን የቻለ መድኃኒት የለም። ያለው ምክር፣ ክትትልና የተደበቀውን ማከም ነው። የተደበቀ የምለው አንዳንዱ ሰው ድብርቱ ከጫቱ በፊት ስለነበረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ ሌሊት መተኛት አቅቷቸው መቃም የጀመሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ለነሱ «ጫቱን ተው» ማለት ምርኩዝ መንጠቅ ነበር። አንደኛው ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዶ መጀመሪያ የታከመው ለቅዠቱ ነው። ጫቱ የቀነሰው ከዚያ ወዲህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ብዙ መቃም ራሱ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል፣ የሌለ ድምፅ ያሰማል። ዘመድህ «እያሳደዱኝ ነው» ማለት ከጀመረ «ሀራራ ነው፣ ይለቀዋል» ብለህ አትተኛ።

እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ስድስት ተኩል ሲል ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ተነስቼ ወደ ፒያሳ በእግሬ እሄድ ነበር፤ ጫት ሻጯ በሌለችበት መንገድ። ምሳዬን ዘግይቼ እበላለሁ። ከቃሚ ጓደኞቼ ጋር የምገናኘው ጠዋት ጠዋት ሆነ። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ደሞዝ የወጣ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በደሞዝ ቀን ብሩን እህቴ ጋ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

አሁን በዚያ በሻጯ መንገድ አልፋለሁ። «ጠፋህሳ!» ትለኛለች፤ ሰላም እላታለሁ። እጄ ግን አሁንም ኪሴ ገብቶ ብር ይቆጥራል።