ካርታ ቆጣሪ ከብላክጃክ ጠረጴዛ መቼ ይነሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው ስልካቸው ላይ ብላክጃክ፣ ያንን በብር የሚጫወቱትን የካዚኖ ካርታ ጨዋታ፣ የሚሞክሩ ልጆች ሳይ ያሳስበኛል። የወጡትን ካርታዎች አቆጣጠር ብዙዎቹ ያውቁታል። ከ2 እስከ 6 ያሉት ካርታዎች ሲወጡ አንድ ትደምራለህ፤ አሥር፣ ባለሥዕልና ኤስ ሲወጡ አንድ ትቀንሳለህ፤ 7፣ 8 እና 9 ዜሮ ናቸው። ድምሩ ከፍ ሲል የቀሩት ካርታዎች ለተጫዋቹ ያደላሉ። መቼ መነሳት እንዳለበት ግን እርስ በርስ የሚመካከሩት አብዛኛው ስህተት ነው።

«ስልክ ላይም ይሠራል»

እውነታው፦ አይሠራም። ኮምፒውተር በሚያድለው ጨዋታ ካርታው ብዙውን ጊዜ በየዙሩ እንደ አዲስ ይበወዛል። ያለፈው ካርታ ስለሚመጣው ምንም አይነግርህም። እዚያ ቆጠራህ ዋጋ የለውም፤ ብልጫው ሁሌም የቤቱ፣ ማለትም የአጫዋቹ ካዚኖ፣ ነው።

«ኪስህ ሲሞላ ተነስ»

እውነታው፦ ካርታው ኪስህን አያይም። ድምሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ስላተረፍክ ብቻ ከተነሳህ፣ ያችኑ ጥቂት የሚያዋጣ ጊዜ ጣልካት። ከአዘዞ ፒያሳ የሚሠራ ባጃጅ ነጂ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሥራ አያቆምም፤ የሚያቆመው ተሳፋሪ ሲጠፋ ነው።

«ተበልቻለሁ፣ ሳላስመልስ አልነሳም»

እውነታው፦ ቤት የሚያፈርሰው ይሄኛው ነው። ጎበዝ ቆጣሪ እንኳ ያለው ብልጫ 1 በመቶ ገደማ ነው። 100 ብር እየመደብክ 100 ዙር ብትጫወት የምትጠብቀው ትርፍ 100 ብር ብቻ ነው። በዚያው 100 ዙር ውስጥ ግን 1,000 ብር መበላት ወይም መብላት የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ የዛሬው ኪሳራ መሳሳትህን አያሳይም። ቀጥሎ ይመለሳል ማለትም አይደለም። ኪሳራ የሚያስነሳህ ለጨዋታ የለየኸው ብር ሲያልቅ ነው። እጅህ ወደ ቤት ኪራይ ወይም ወደ ዕቁብ ብር ከሄደ፣ ወንድሜ፣ ድምሩ ሃያም ቢሆን ተነስ።

«ድምሩ ከወረደም ትንሽ ትንሽ እየመደብኩ ልቆይ»

እውነታው፦ ስድስት ፓኬት ካርታ ባለበት ጠረጴዛ ድምሩ ከዜሮ በታች 6 ሆኖ፣ ሦስት ፓኬት ቀርቷል እንበል። ድምሩን በቀሩት ፓኬቶች ብዛት፣ 6ን ለ3 ስታካፍል፣ ከዜሮ በታች 2 ይሆናል። እዚህ ላይ የቤቱ ብልጫ 1.5 በመቶ አካባቢ ነው። ትክክለኛው መነሻ ሰዓት ይሄ ነው። ሽንት ቤት ሂድ፣ ስልክ አናግር፣ ወይም ሌላ ጠረጴዛ ፈልግ።

«መቁጠር ሕጋዊ ከሆነ ማንም አያስነሳኝም»

እውነታው፦ እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ ኔቫዳ ላይ በመሣሪያ መታገዝ ግን ወንጀል ነው። የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ቆጣሪን «በቃህ» ማለት ይችላሉ። በኒው ጀርሲ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ካርታ ቆጣሪው ኬን ዩስተን በከሰሰው ጉዳይ፣ ካዚኖዎች በራሳቸው ውሳኔ ቆጣሪን ማባረር እንደማይችሉ ወስኗል። ተነስ በሚሉህ ቦታ መከራከር አያዋጣም፤ ብርህን ይዘህ ውጣ።

«ደክሞኛል፣ ግን ድምሩ ጥሩ ነው»

እውነታው፦ ድምሩ ጥሩ መሆኑን በምን አወቅህ? ሲደክምህ አንዷ ካርታ ታመልጥሃለች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ከፍ አድርገህ የምትመድበው በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። ድምሩ ስንት ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። ካመነታህ ቀጣዩን ዙር አትጠብቅ።