ኢኤስኤ እና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እርሳስ መያዝ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ወይም የክፍል ጫጫታ መቋቋም የሚቸግረው ልጅ ያላቸው በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች፣ «መንግሥት ለቴራፒ የሚከፍልበት አካውንት አለ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ቴራፒው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ ልጁ እንዲህ ያሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን እንዲችል የሚረዳ ሕክምና። ወሬው መሠረት አለው። አሪዞና ኢኤስኤ የሚባለውን፣ ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚያውለውን ገንዘብ መንግሥት የሚያስገባበትን አካውንት በ2011 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ጀምራ፣ በ2022 ለሁሉም ተማሪ ከፍታዋለች። ሲሉ ሰምቶ የሚፈርም ወላጅ ግን ብዙ ሊያጣ ይችላል።

«የትም ብኖር ማመልከት እችላለሁ»

አይችሉም፤ ጉዳዩ የየግዛቱ ሕግ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ እና ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የላቸውም። ፍሎሪዳ እና ኖርዝ ካሮላይና አላቸው፤ ቴክሳስም ሕጉን በ2025 አጽድቃ ከ2026–27 የትምህርት ዘመን እንዲጀምር ወስናለች። ባንክ ሄደው በዚሁ ስም ቢጠይቁ የሚያገኙት ኮቨርዴል የሚባለውን ነው፤ እሱ የራስዎን ገንዘብ፣ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር፣ የሚያስቀምጡበት እንጂ መንግሥት የሚሞላው አይደለም።

«የትምህርት ቤቱ ቴራፒ ይቀጥላል፤ ይህ ተጨማሪ ነው»

ከሁሉም የሚከፋው ይህኛው ነው። በፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ መሠረት፣ በልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ማለትም በአይኢፒው ላይ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ከተጻፈ፣ ዲስትሪክቱ (የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሪዞናን ውል የሚፈርም ወላጅ ግን ልጁን ከመንግሥት እና ከቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ራሱን ችሎ ከሚሠራ) ትምህርት ቤት ያስወጣል፤ ዲስትሪክቱንም ልጁን ከማስተማር ግዴታ ነፃ ያደርጋል። በአጭሩ መብትን በገንዘብ መለወጥ ነው።

ለውጡ የሚያዋጣቸው ቤተሰቦች አሉ። በአሪዞና አካል ጉዳት የሌለበት ልጅ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ዶላር ገደማ ሲያገኝ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከ30,000 በላይ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ ቀለል ያለ ልጅ ግን የሚያገኘው ገንዘብ አነስተኛ ስለሚሆን፣ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ሲነሳለት ለቴራፒ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት ደጋግሞ ማስላት አለበት ባይ ነኝ።

«የሐኪም ወረቀት ካለኝ በቂ ነው»

የሐኪም ምርመራ እና የትምህርት ቤት ምዘና ይለያያሉ። ሐኪም ኦቲዝም አለበት ስላለ ብቻ ልጁ በትምህርት ሕጉ መመዘኛ አያልፍም። አሪዞና ደግሞ የኢኤስኤ ገንዘብ ለቴራፒ እንዲውል የምትፈቅደው አካል ጉዳታቸው በሕጉ መሠረት ለተረጋገጠ ተማሪዎች ነው። ስለዚህ ምዘናውን ዲስትሪክቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ነፃ ነው፤ ልጁ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሆንም የመመዘን መብት አለው። በአይኢፒ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ መጠየቅ ይችላሉ። «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚሰማ ነው» ብሎ የሚሸኝዎት ካለ፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ማንኪያ ለመያዝ እንደማያስቸግር ይንገሩት።

«ክላስዋሌት ላይ ያለ ሁሉ ብቁ ነው፤ የሌለ አይከፈለውም»

ሁለቱም ስህተት ነው። ክላስዋሌት የአሪዞና ኢኤስኤ ክፍያ የሚፈጸምበት መድረክ ነው፤ እዚያ መገኘት ለሙያ ብቃት ምስክር አይሆንም። ብቃትን የሚያረጋግጠው የግዛቱ የሙያ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ነው፤ የቴራፒስቱን ስም በድረ ገጹ ላይ ፈልጎ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማየት ይቻላል። አንዳንድ ክሊኒክ ልጁን በየሳምንቱ ለረዳት ቴራፒስት ይሰጣል። ይህ ነውር የለበትም፤ ረዳቱም ፈቃድ ያለው ሆኖ በቴራፒስት ቁጥጥር ሥር ይሠራል። ፈቃድ ሳይኖረው «አሠልጣኝ ነኝ» የሚል ግን ሌላ ነገር ነው።

ክላስዋሌት ላይ የሌለ ጥሩ ቴራፒስት ካገኙ፣ በአሪዞና ከኪስዎ ከፍለው ገንዘቡ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። በሌሎች ግዛቶች ከመክፈልዎ በፊት ደንቡን ይጠይቁ። እዚህ ላይ ዋናው ደረሰኙ ነው። «አገልግሎት፣ 480 ዶላር» ብቻ የሚል ወረቀት ውድቅ መደረጉ አይቀርም። የልጁ ስም፣ እያንዳንዱ ቀን፣ የቆይታው ርዝመት፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የቴራፒስቱ ስም እና የፈቃድ ቁጥር ይኑርበት። ወደ ክሊኒኩ ሲደውሉ መጀመሪያ «ደረሰኛችሁ ምን ምን ይጽፋል?» ይበሉ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ግምገማ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከመደበኛው ቀጠሮ ይበልጣል። ተራ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚወስድም መጠየቅ አይርሱ።

«ሜዲኬይድ ካለን ኢኤስኤው አያስፈልግም፣ ወይም አንዱ ሌላውን ይሰርዛል»

ሜዲኬይድ፣ ማለትም በዋናነት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ተጠቃሚዎች ለጤና አስፈላጊ የሆነ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሸፍናል። እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ተጠቅሜ፣ የኢኤስኤውን ገንዘብ ለትምህርቱ አቆየዋለሁ። የተከለከለው አንድን ቀጠሮ ከሁለቱም ማስከፈል ነው፤ ክሊኒኩ የትኛውን ቀን ለማን እንዳስከፈለ በየወሩ ዝርዝሩን ይውሰዱ።