አልጋ ላይ ሲገላበጡ የሚመጣ ማዞርና የኢፕሊ ሕክምና

አልጋ ላይ ገልበጥ ሲሉ ወይም ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ ክፍሉ በድንገት የሚሽከረከርባቸው ሰዎች አሉ። ግፊት ወይም ደም ማነስ ነው ብለው ይጨነቃሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። ማዞሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል፤ ጭንቅላት እንደገና ሲዘነብል ተመልሶ ይመጣል።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ስበትን ለመለየት የሚረዱ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ። በዕድሜ፣ በጭንቅላት ጉዳት ወይም ያለ ግልጽ ምክንያት ከቦታቸው ይለቁና ፈሳሽ ወደሞላባቸው ግማሽ ክብ ቱቦዎች ይገባሉ። ቱቦዎቹ ሦስት ናቸው፤ በብዛት የሚጠቃው የኋለኛው ነው። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ቅንጣቶቹ ፈሳሹን እየገፉ ይንሸራተታሉ። አንጎልም ሰውየው እየተሽከረከረ ያለ ይመስለዋል።

ለዚህ ነው ክኒን ብዙም የማይረዳው። ማቅለሽለሹን ቢያስታግስም ቅንጣቱን ከቱቦው አያወጣም።

ይህን ማዞር የሚለየውን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቁት የእንግሊዝ ሐኪሞቹ ዲክስና ሆልፓይክ ናቸው። ሕመምተኛው ተቀምጦ አንገቱን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን ያዞራል፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ወደ ታች እንዲያዘነብል ሆኖ ቶሎ ይጋደማል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የዓይኑ ብሌን በራሱ መርገብገብ ይጀምራል፣ ማዞሩም ይነሳል። ለሕመምተኛው ያስደነግጣል፤ ለሐኪሙ ግን የታመመው ጆሮ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ይኸው ነው።

ሕክምናው ከዚያው ይቀጥላል። አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ዘዴ፣ ጭንቅላት እንደተዘነበለ 90 ዲግሪ ወደ ጤነኛው ጎን ይዞራል። ቀጥሎ ሰውየው በዚያው ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ወለሉ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ቀስ ብሎ ይቀመጣል። በየደረጃው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ቅንጣቶቹ በስበት እየተንከባለሉ ከቱቦው ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ ኢፕሊን የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑትም ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ለወራት ያሰቃየ ማዞር በደቂቃዎች መገላበጥ ሲለቅ ጥንቆላ ይመስላል።

አብዛኛው ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻለዋል። ከዓመታት በኋላ የሚመለስበትም ጥቂት አይደለም፤ ያኔ እንደገና ይሠራለታል። ቅንጣቱ ያለው በአግድመቱ ቱቦ ከሆነ ግን አገላበጡ ሌላ ነው። ቪዲዮ አይቶ ቤት ውስጥ የሞከረ ሰው ለውጥ ካላየ፣ ቱቦውን ወይም ጎኑን ስቶ ሊሆን ይችላል። የአንገት ሕመም ያለበት ሰው ቀድሞ ሐኪም ያማክር። ከማዞሩ ጋር አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም መራመድ ካቃተ ግን ጉዳዩ የጆሮ ላይሆን ይችላል። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።