የሃሪኬን ወቅት ምንድን ነው? በክረምት ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ላሰበ የባሕር ዳር ሰው

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ «በሰመር ኑና ባሕር ዳርቻ እናሳልፍ» ብሎ ባሕር ዳር ያለ ወገኑን ሲጋብዝ፣ ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ሰመር የሚለው ቃል በትርጉም ሥራዎች ዘወትር «በጋ» እየተባለ ይጻፋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ለእኛ ጣና በጎርፍ አፈር የሚደፈርስበት፣ ፍልሰታ የሚጾምበትና ቡሄ የሚጨፈርበት ክረምት እንጂ በጋ አይደለም። ተጋባዡ «በጋ» የሚለውን ቃል አምኖ ሰማዩ ጥርት ያለ አገር እሄዳለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዘመዱ የጠራው ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ቴክሳስ ጠረፍ ወይም ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ከሆነ ግን፣ እነዚያ ፀሐያማ ወራት ሌላም ስም አላቸው፤ የሃሪኬን ወቅት ይባላሉ። ሃሪኬን ሙቅ ባሕር ላይ ተፈጥሮ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ብርቱ የነፋስና የዝናብ ማዕበል ነው።

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ድረስ ያለው የስድስት ወር ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ከምትቆጥረው ዘመነ ክረምት በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ድንበሩ ሰው ያሰመረው ነው፤ አብዛኞቹ ሃሪኬኖች በእነዚህ ወራት ውስጥ ስለሚፈጠሩ ተመረጠ እንጂ፣ አልፎ አልፎ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የሚነሣ አይጠፋም። እዚህ ላይ «ወቅት» የሚለውን ቃል እንደ እኛ ክረምት መረዳት ያሳስታል፤ በክረምት ባሕር ዳር ዝናብ እንደሚጥል ማንም አይጠራጠርም፣ በሃሪኬን ወቅት ግን አንድ የተወሰነ የባሕር ዳርቻ ዓመታትን ያለ አንዳች ጉዳት ሊያሳልፍና በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል። ስለዚህ ወቅቱ የሚነግረን መቼ ሊሆን እንደሚችል እንጂ መቼ እንደሚሆን አይደለም።

ሃሪኬን የሚለው ስም መነሻው የካሪቢያን ነባር ሕዝብ የሆኑት የታይኖዎች ቋንቋ ነው። በአማርኛ «አውሎ ነፋስ» ብንለው፣ ያው ቃል በበጋ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያሽከረከረ ለሚያልፈውም ነፋስ ያገለግላልና ነገሩን ያሳንሰዋል። «ወጀብ» ይቀርበዋል፤ ሆኖም የእኛ ወጀብ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፣ ሃሪኬን ግን ባሕር ላይ ከሳምንት በላይ ሊኖር ይችላል። በባለሙያዎቹ አጠራር፣ የሚሽከረከረው ሥርዓት ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሰው ስም ይወጣለታል፤ 119 ሲደርስ ሃሪኬን ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በአምስት ደረጃዎች እየተመዘነ፣ 178 ላይ ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ «ከባድ»፣ 252 ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻው አምስተኛ ደረጃ ይሆናል። ይኸው ክስተት በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይባላል።

እንዲፈጠር የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ሙቅ ባሕር ነው። ውኃው ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፣ ሙቀቱም ከላይ ብቻ ሳይሆን 50 ሜትር ያህል ወደ ታች መዝለቅ ይኖርበታል፤ ከምድር ወገብም ቢያንስ አምስት ዲግሪ ገደማ መራቅ ያሻል፣ ምድር በዛቢያዋ መዞሯ ነፋሱን የሚያሽከረክረው ከዚያ ወዲያ ነውና። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ ያየ ሰው «የእኛስ ባሕር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጣና በኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ባለው ርቀት፣ በኩል መስፈርቱን ያሟላል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ በሙሉ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተኛም ውኃው ያን ያህል አይሞቅም፣ ስፋቱም አይበቃም። የአንድ ሃሪኬን ዓይን፣ ማለትም መሐሉ ላይ ነፋስ የሌለበት ጸጥተኛ ክብ፣ ብቻውን በአብዛኛው ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ፣ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐይቃችን ከዓይኑ ብዙም አይተርፍም። ታንኳ የሚገለብጠው የጣና ማዕበል አደገኛ ቢሆንም የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ዝምድና የለንም ማለት አይደለም፤ ይህ ለእኔ ከነገሩ ሁሉ የሚደንቀው ክፍል ነው። በክረምት ወራት፣ በጋለው ሰሐራና ቀዝቀዝ ባለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ምክንያት፣ ከምድር በላይ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ምዕራብ የሚፈስስ የአየር ጅረት ይፈጠራል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችና በዳርፉር ተራሮች ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆለለው ነጎድጓዳማ ደመና ይህን ጅረት ሲያውከው፣ ጅረቱ እንደተመታ ገመድ ሞገድ እየሠራ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን ተሻግሮ በሴኔጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይገባል። እንዲህ ያለ ሞገድ በየዓመቱ 60 ያህል ይወጣል፤ አብዛኛው ባሕር ላይ ከስሞ ይቀራል። የቀረው ጥቂቱ ግን ብዙ ይሠራል፤ በአትላንቲክ ከሚነሡት ከባድ ሃሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ ዘራቸው ከእነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች ነው። ባሕር ዳር ላይ የዘነበው ደመና ራሱ ፍሎሪዳ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ደመናው እዚሁ ዘንቦ ያልቃል፣ የሚጓዘው የአየሩ መናወጥ ነው።

የወቅቱ ቁንጮ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ ይህ ቀን በእኛ ጳጉሜን 5፣ በአብዛኛው ዓመት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ፀሐይ የምትበረታው በሰኔ ሆኖ ሳለ ለምን ይዘገያል ለሚል፣ ማስረዳቱ ለጣና ዳር ሰው አይከብድም፤ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ ሐይቁ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ግን በመስከረም ነው፤ ውኃው ተጠራቅሞ ነውና። ውቅያኖስም ሙቀትን እንዲሁ ቀስ እያለ ያጠራቅማል። በተጨማሪም በሰኔና በሐምሌ ከሰሐራ የሚነሣው ደረቅ አቧራማ አየርና የሚሽከረከረውን ሥርዓት የሚገነጣጥለው የላይኛው ነፋስ ከነሐሴ ጀምሮ ይቀንሳሉ። በዚህ ምክንያት ከነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት መግቢያ ያለው ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይከፋል።

ዕቅድ አውጪው ከዚህ የሚወስደው የመጀመሪያው ነገር ቀኑን ነው። ዘመድ ሰኔን ወይም የሐምሌን መጀመሪያ ከነሐሴ ጋር አማርጦ ከጠየቀ፣ ቀደም ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ዋስትና ግን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ገና በጁላይ 1 የግሬናዳ አካል የሆነችውን ካሪያኩን መትቶ፣ በማግሥቱ አምስተኛ ደረጃ ደርሷል፤ በአትላንቲክ ታሪክ ያን ያህል ቀድሞ እዚያ ደረጃ የደረሰ ተመዝግቦ አያውቅም። ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው፤ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ አጠገብ ያሉት አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳዎ ከሃሪኬኖቹ የተለመደ መንገድ በስተደቡብ ስለሚገኙ እምብዛም አይመቱም። በቅርባችን ወዳለው ባሕር የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀኑን ሌላ አድርጎ መቁጠር ይኖርበታል፤ የሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎኖች የሚበዙት ከክረምቱ በፊትና በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሌላንድን መትቷል፣ ጅቡቲንም አጥለቅልቋል።

ገንዘቡን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የጉዞ ኢንሹራንስ የሚገዛበት ጊዜ ነው። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ውል በተለምዶ ለዚያው ማዕበል አይከፍልም፤ የታወቀ አደጋ ሆኗልና። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው ትኬቱ ውድ ነው፤ ስለዚህ ኢንሹራንሱን ትኬቱን በቆረጠበት ሰሞን ቢገዛ፣ ቀኑ የሚቀየር ትኬትና ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል ቢመርጥ፣ ልዩነቱን መክፈል አያስቆጭም።

ትንበያውን ማንበብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የሚያወጣው ካርታ ላይ ከማዕበሉ ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ቅርጽ አለ። ብዙ ሰው ይህን የጉዳቱ ወሰን አድርጎ ስለሚያየው «እኛ ከመስመሩ ውጪ ነን» ብሎ ይተኛል፤ ቅርጹ የሚያሳየው ግን የማዕበሉ መሐል ሊያልፍበት የሚችለውን ብቻ ነው፣ መሐሉም ቢሆን ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ከዚያ ውጪ ይወጣል። ዝናቡና ጎርፉ ከመስመሩ እጅግ ርቆ ይደርሳል። ማዕከሉ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሃሪኬን ሊመጣ ይችላል የሚለው ለስላሳው ማሳሰቢያ ብርቱው ነፋስ ከመድረሱ 48 ሰዓት ገደማ በፊት፣ ይመጣል የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ 36 ሰዓት ገደማ በፊት ይወጣል። ለእንግዳ ሰው የመመለሻ ሰዓቱ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ሲወጣ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለመዘጋት ይሰናዳሉ፣ አውራ ጎዳናውም ከጠረፍ በሚሸሹ መኪናዎች ይጨናነቃል።

ደረጃው በነፋስ ይመዘን እንጂ በአብዛኛው የሚገድለው ውኃው ነው፤ ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ወደ የብስ ሲያስወጣው ወይም ዶፉ ወንዞችን ሲያስገነፍል ነው ብዙ ሰው የሚያልቀው። ከጠረፍ ልቀቁ የሚለው ትእዛዝም የሚወጣው በዋነኛነት ለዚሁ ነው። ሌላው አደጋ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ የሚመጣው ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ባሕር ላይ ያለ ሃሪኬን የሚልከው ሞገድ ዳርቻው ላይ ዋናተኛን ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት ይፈጥራል። ጣና ላይ ዋና የተማረ ወጣት ይህን ጅረት አያውቀውም፣ ሐይቁ እንዲህ አይጎትትምና፤ ያዘው እንደሆነ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ መታገሉ ያደክመዋል። መጀመሪያ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ አሸዋው ይዙር፤ ከዚያም በፊት፣ በባሕር ዳርቻው ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ካየ ውኃው ውስጥ አይግባ።