ዊንዶውስ መሳዩ የቲቪ ጌም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በለገጣፎም ሆነ በዓለም ገና አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሲያገላብጥ የጌም ካሴት የሚጎርስ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ኪቦርድ ያገኘ ሰው፣ ዕቃው ሲበራ የዊንዶውስን ገጽ ቢያሳየው ኮምፒውተር በርካሽ አገኘሁ ብሎ ማሰቡ አይፈረድበትም።

«የተጨመቀ ዊንዶውስ ነው።» አይደለም። እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው፣ ፋሚኮም የተባለ የቲቪ ጌም ማሽን ቅጂዎች ናቸው። የፋሚኮም የሥራ ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ቢያንስ 64 ሜጋባይት፣ ማለትም ከ32 ሺህ እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚታየው ዊንዶውስን አስመስሎ የተሠራ ጌም ነው፤ ቀስቷ «ስታርት» ላይ ደርሳ ሲጫኑ፣ ፕሮግራሙ ያለችበትን ቦታ አይቶ አስቀድሞ የተሳለ ሌላ ገጽ ያመጣል።

«ዊንዶውስ 2000 ወይም ኤክስፒ የተባለው ካሴት ይበልጣል።» ስሙ የሽያጭ ማባበያ ነው። ማይክሮሶፍት ለፋሚኮም ዊንዶውስ ሠርቶ አያውቅም።

«የተጻፈው ሴቭ ይሆናል።» ካሴቱ ውስጥ ባትሪ ያለው ሜሞሪ ከሌለ፣ ልጁ የጻፈው ሁሉ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ደግሞ በእኛ ሰፈር እንደምናውቀው ነው።

«አማርኛ ይጫንበታል።» ካሴቱ ፋብሪካ የጻፈበትን ከማስነበብ በቀር አዲስ ፕሮግራም አይቀበልም። አማርኛ የሚጽፍ አዲስ ካሴት ይሠራ ቢባል እንኳ ሌላ ችግር አለ፦ የፋሚኮም የምስል ቺፕ ለጀርባ ገጹ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው፣ እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ የሆኑ 256 ቁራጭ ሥዕሎችን ነው። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ 231 ስለሚሆኑ፣ ለቁጥሮች፣ ለአይከኖችና ለመስኮቱ ጠርዝ የሚተርፈው 25 ብቻ ነው፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ጩን ከጪ በስምንት ነጥብ ወርድ ለይቶ መሳልም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

«እንግዲያው ለምንም አይረባም።» ይህም ማጋነን ነው። ኪቦርዱ የምር ኪቦርድ ስለሆነ ጣት ያፍታታል። ኒንቴንዶ ራሱ በ1984 እ.ኤ.አ. ለፋሚኮም ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያለበት ካሴት ከኪቦርድ ጋር ሸጧል፤ ቤዚክ ያለበት ካሴት የተገኘ እንደሆነ ልጁ በቁጥር የተደረደሩ ትእዛዞችን ጽፎ ማሽኑ ሲታዘዝለት ያያል፤ እኔ ከዊንዶውሱ ሥዕል ይህን እመርጣለሁ። ገዢም ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ካሴቱን በቴሌቪዥን እንዲከፍትለት ጠይቆ፣ ቤዚክ መኖሩን ማየት ይችላል።