የድሬዳዋ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተንጣለለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብስክሌት ለነዋሪዋ የገበያና የሥራ መጓጓዣ ነው። እዚህ ዳገት ማንንም አያደክምም፤ የሚያደክመው ፀሐዩ ነው። በመሆኑም የድሬዳዋን መንገድ የሚነድፍ ባለሙያ ከአስፋልቱ እኩል ስለ ጥላ ማሰብ ይኖርበታል።

የከተማዋ ታሪክ የሚጀምረው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። ሐዲዱ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ስላለ ግን በግርጌው አለፈ፤ አዲሱ ሰፈርም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከለገሃር (ከባቡር ጣቢያው) ፊት ለፊት የተገነባው ከዚራ በአገሪቱ በፕላን ከተሠሩ ቀደምት ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ድሬዎች የመጀመሪያው ነው ይላሉ፣ ይህን ለማለትም በቂ ምክንያት አላቸው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ዛፍ ተተክሎባቸዋል፤ በቀትር እግረኛው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ ይሄድባቸዋል። ቀይ አበባ የሚያፈካው የድሬዳዋ ዛፍ በከተማዋ ስም የተጠራውም ያለ ነገር አይደለም።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ በሌላ መንገድ ያደገ ሰፈር ነው። በጠባብ መተላለፊያዎቹ የቤቶቹ ግድግዳ ራሱ ጥላ ይሰጣል፤ በቀፊራ ገበያ ዙሪያ ሸማች፣ ተሸካሚ፣ ጋሪና አህያ ይጋፋሉ፤ መኪናም ቀስ ብሎ ከማለፍ ሌላ አማራጭ የለውም። በጣሊያን ወረራ ዘመንም አንዳንድ መንገዶችና ሕንፃዎች ተጨምረዋል።

ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ ለእግረኛውና ለብስክሌተኛው ከተሽከርካሪ የተከለለ መስመር ያለው ድልድይ ለከተማዋ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ድጋፍ የተጀመረው የኮብልስቶን ሥራ ወደ ሌሎች ከተሞች ከመዛመቱ በፊት የተሞከረው በድሬዳዋ ነው። ድንጋዩ አቧራና ጭቃን አስወግዷል፣ ለብዙ ወጣቶች ሥራ ፈጥሯል፣ ተሽከርካሪንም ያዘገያል። ብስክሌትን ግን ያንገጫግጫል፤ በዳር በኩል አንድ ለስላሳ መስመር ቢነጠፍ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል።

አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን ወደ ድሬዳዋ አምጥቷል። የሚቀረው ጥበቃው ነው። በቀለም ብቻ የተለየ የብስክሌት መስመር ወዲያው የባጃጅ መቆሚያ ይሆናል፤ በጠርዝ ድንጋይ ከተከለለና ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር ያህል ስፋት ከተሰጠው ግን ብስክሌተኛው ያለ ስጋት ይጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀፊራና በትምህርት ቤቶች በር ላይ ይህን ለማስከበር ከምልክት ይልቅ ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ ይበልጥ ይሠራል። በዳር የሚተከለውም ዛፍ ዘንባባ ባይሆን ይመረጣል፤ ዘንባባ ያምራል እንጂ ጥላው ለመንገደኛ አይበቃም፤ ኒም ግን ሙቀቱንም ድርቁንም ይችላል።