ሲዠር ምንድን ነው? (የተንፈራገጠ ውሻ ሁሉ አላበደም)

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ በስልኬ ደረሰኝ፤ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የተቀረጸ ነው። አንዲት ትንሽ ቡናማ ውሻ ደጃፍ ላይ በጎኗ ወድቃ አራቱም እግሯ ግትር ብሎ ይንዘፈዘፋል፤ አፏ አረፋ ደፍቋል። «አብዳለች! ድንጋይ አቀብለኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቀረውን አልተርክም። መጨረሻው ላይ ግን የሚቀርጸው ልጅ ስልኩን ዘወር ሲያደርግ፣ በሩ ሥር ካርቶን ውስጥ አምስት ቡችሎች ይታያሉ፤ ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው።

የቡችላ ዓይን የሚገለጠው በተወለደ በ2 ሳምንት ገደማ ነው። እናቲቱ ትንሽ፣ ልጆቿ ብዙ፣ ወተቷ እየበረታ የሚሄድበት ጊዜ። ቪዲዮ አይቶ በሽታ መሰየም በእኛ በእንስሳት ሐኪሞች ሙያ ነውር ነው፤ ቢሆንም እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ከደሟ ተሟጦ ወደ ወተቷ የሄደውን ካልሲየም ነበር። ሐኪም እጅ ብትገባ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ ተብሎ ይሰጣታል (ልቧ እየተደመጠ፤ ተቻኩለው ከለቀቁት ልብ ያቆማል)። አብዛኞቹ መርፌው ገና ሳይነቀል ሰውነታቸው ይላላል።

ከቪዲዮው ሥር አንዱ «እናንተ ሐኪሞች ነገር ታወሳስባላችሁ። ውሻ ከተንቀጠቀጠ አብዷል፤ አለቀ» ብሎ ጽፏል። ሌላው ተከትሎት «ሲዠር ማለት እኮ የእብድ ውሻ በሽታ በእንግሊዝኛ ነው» ሲል አስተማረን። ብዕር ያስነሳኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።

አቦ፣ አይደለም።

ሲዠር የበሽታ ስም አይደለም። የአንጎል ሴሎች በተራና በልክ መነጋገራቸውን ትተው ባንድ ጊዜ፣ ያለ ልክ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ የሚታየው ነገር ነው። ማሳል በሽታ እንዳልሆነና ከኋላው ጉንፋንም ሳንባ ነቀርሳም ሊኖር እንደሚችል ማለት ነው። የሚጥል በሽታ የምንለው ሲዠሩ ይህ ነው የሚባል ቀስቃሽ ሳይኖረው እየተመላለሰ ሲመጣ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ቫይረስ ነው፤ በንክሻ ይገባል፤ ነርቭ ነርቩን ይዞ አንጎል ይደርሳል።

ድሬ ያደገ ሰው ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ አንድ ቀን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የወረደው ላይ፣ ሐረርጌ ደጋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ጎርፉን ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ውሃ መምጣቱን ያውቃል፤ ከየትኛው ሸለቆ እንደመጣ ግን ውሃው አይነግረውም። ሲዠር ጎርፉ ነው። ውሻው ሲወድቅ፣ ሲፈራገጥ፣ ሽንቱ ሲያመልጠው የምታዩት ደቻቱ ላይ የደረሰውን ነው። የእኔ ሥራ የት እንደዘነበ መጠየቅ ነው።

እዚያው አንጎሉ ላይ ዘንቦ ይሆናል፦ ባጃጅ ጭንቅላቱን መትቶት፣ ዕጢ በቅሎበት፣ ያልተከተበ ቡችላ ከሆነ ዲስቴምፐር የሚባለው ቫይረስ ገብቶበት (እነዚህ አንዳንዴ ማስቲካ የሚያኝኩ ይመስላሉ)፤ አዎ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ይሆናል። ሩቅም ሊዘንብ ይችላል፦ ጉበቱ መርዝ ማጣራት አቅቶት፣ ሳይበላ የዋለ ሚጢጢ ቡችላ ስኳሩ ወርዶ፣ ወይም በድሬ ቀትር ቆርቆሮ ሥር ታስሮ ውሎ የሰውነቱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ አልፎ። ድመት ከሆነች የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የውሻ ወይ የከብት ቁንጫ መድኃኒት ቀብታችኋታል?» ነው፤ እዚያ መድኃኒት ውስጥ የሚገኘውን ፐርሜትሪን ውሻ ይችለዋል፣ የድመት ጉበት ግን አይችለውም። ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የጀመረውና ምርመራው ሁሉ ንጹሕ የሆነው ውሻ ነው እውነተኛውን የሚጥል በሽታ ስም የሚያገኘው። ሰማዩ ሁሉ ተጠይቆ ደመና ሲጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ማረም አለብኝ፤ ካላረምኩ የሙያ ጓደኞቼ ያርሙኛል። ያቺ የቡችሎች እናት፣ ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሲዠር እንኳ አይባልላትም። ካልሲየም ሲያንስ የሚታወከው ከአንጎል ውጭ ያለው ነርቭና ጡንቻ ነው፤ እንስሳዋ ራሷን ሳትስት፣ እያየችን፣ እየሰማችን ትገተራለች። ስትሪክኒንም እንዲሁ ነው። በየከተማው ባለቤት አልባ ውሻ ሲጠፋበት የኖረው ይህ መርዝ የሚመታው በዋናነት ሕብለ ሰረሰርን ነው፤ የጡንቻን ፍሬን ይነቅላል። ውሻው ነቅቶ እያለ እንደ ቀስት ይለጠጣል፤ በር ሲንጓጓ፣ ሰው ሲነካው ይብስበታል። እንግዲህ እነዚህ ሌላ ወንዝ ናቸው፤ ደቻቱ አይደሉም። ሐረር ላይ ደግሞ አንድ ጭንቀት ይጨመራል፦ በስትሪክኒን የሞተ ውሻ ሬሳው የበላውንም ይመርዛል፤ ከጀጎል ውጭ የተጣለ ሬሳ ማታ ማን እንደሚበላው ለሐረር ሰው አልነግርም።

ወደ እብደቱ ልመለስ። አንጀቴን የሚያሳርረው ሰዉ መፍራቱ አይደለም፤ መፍራት ተገቢ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም በእንስሳም ማለት ይቻላል መዳኛ የለውም። የሚያሳርረኝ የተሳሳተውን ውሻ መፍራታችን ነው። ሁለት ደቂቃ ተንፈራግጦ ተነሥቶ፣ እየተደናበረ ግድግዳ እየተጋጨ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ምግቡን ጠርጎ በልቶ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ አካሄድ የለውም። ያ በሽታ ከጀመረ ወደ ኋላ አይልም፤ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይገድላል። በአንጻሩ እውነተኛው ያበደ ውሻ ጭራሽ ላይንቀጠቀጥ ይችላል። ጸጥ ያለ ዓይነት አለ፦ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ጌታው «አጥንት አንቆት ነው» ይልና እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። በሬም አህያም እንዲሁ ያሳስታሉ። በሥራ ዘመኔ ያስደነገጡኝ እጆች በሙሉ የገቡት እንዲህ ያለ ጸጥተኛ አፍ ውስጥ ነው፤ የሚፈራገጠውንማ ማንም አይጠጋውም፣ ድንጋዩ ይቀድማል።

ድንጋዩስ የት ነው የሚያርፈው? ጭንቅላቱ ላይ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚረጋገጠው ከሞተው እንስሳ በሚወሰድ አንጎል ነው። ሰው ነክሶ ከነበረ ላቦራቶሪ የሚፈልገውን ያንኑ አካል ጨፍልቀን «አብዶ ነበር» እንላለን፤ ማን ይከራከረን? ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል።

(ይህን አንብቦ «ዶክተሩ አትፍሩ አለ» የሚል እንዳይኖር፦ የነከሰ፣ የቧጨረ፣ ለሃጩ ቁስል የነካ ማንኛውም ውሻ ካለ፣ ተንቀጠቀጠም አልተንቀጠቀጠም፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ያኑ ዕለት ጤና ተቋም መሄድ። ውሻው በሕይወት ካለ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። ክትባቱን ግን «ውሻው እስኪታይ» ብላችሁ በራሳችሁ አታዘግዩ።)

አሁን ስለ ደቂቃ። ተራ ሲዠር ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለሚያይ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ይመስላል፤ ስለዚህ ሰዓት ተመልከቱ፣ ከቻላችሁም ቪዲዮ ቅረጹ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጣ ድንገተኛ አደጋ ነው። ደቻቱን አንድ ጊዜ ደግሜ ልጥራው፦ ጎርፍ በቆየ ቁጥር ዳሩን እየናደ የራሱን ቦይ ይቆፍራል፤ ላይ ዝናቡ ቢያባራም ውሃው መንገድ አግኝቷል። የአንጎል ነገርም ያንኑ ይመስላል። ሲዠር ማቆሚያው መድኃኒት ዲያዜፓም ሄዶ የሚይዘው በር ሲዠሩ በረዘመ ቁጥር ከሴሉ ገጽ እየተሰወረ ይሄዳል፤ በአምስተኛው ደቂቃ የሚያቆመው መርፌ በሠላሳኛው ላያቆም ይችላል። (ምሳሌው እዚህ ላይ መንሸራተት ጀምሯል፤ አሸዋ በር የለውም።) ጡንቻው ያለ እረፍት ሲሠራ ሙቀቱም ይወጣል፤ በእኛ ከተማ አየር ደግሞ የሚበርድበት የለውም። ጥላ ሥር አድርጉት፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አፍሱበት፣ አራግቡለት፤ በረዶ አይሁን።

ክብሪት አታሽቱት። ቁልፍ አታስይዙት። ምላሱን አይውጠውም፤ ጣታችሁን ግን ይቆርጠዋል። ወተትማ! «መርዝ በልቶ ነው» ተብሎ ስንቱ ውሻ መንጋጋው ተፈልቅቆ ወተት ተጋተ። ራሱን የሳተ እንስሳ አይውጥም፤ ወተቱ የሚገባው ሳንባው ነው። መርዙን ያለፈው በወተቱ ይሞታል። ገራባ (የጫት ትራፊ) በልታ ለሃጯ የሚወርድ፣ ዓይኗ የሚያነባ፣ የምትንቀጠቀጥ ፍየል ካለቻችሁም ጫቱ ላይ ምን እንደተረጨ ጠይቃችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁልኝ ኑ፤ ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የተባይ መርዝ ከሆነ ማርከሻው አትሮፒን አለኝ፣ የወተት መድኃኒት ግን የለኝም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ማንም ባይጠይቀኝም። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ሲዠር መከላከያው ኪኒን ፌኖባርቢታል ከተጀመረ በደሙ ውስጥ እስኪደላደል 2 ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ ራሱ ሲዠር ያመጣል። አንድ ደንበኛዬ ውሻው ሦስት ወር ሳይጥለው ስለቆየ ኪኒኑን አቆመ። «ለምን?» ስለው «ዶክተር፣ ደህና ሆኗል እኮ፣ ደረቅ ነው» አለኝ፤ የደቻቱን ምሳሌ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። በአራተኛው ቀን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ። ሰዓቱን ግን ይዞ ነበር።

«ስምንት ደቂቃ ሆነው» አለኝ።